ዳማን ያዋስኩ ዕለት

ይድረስ ለእህቴ ለሳሊሀ፣ ሻርጃ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ እቴ? ጤናሽስ? ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ይይዘኛል ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ተሻለሽ ወይስ ችለሽው ዝም ብለሽ ነው? የቤቱ ትልቅ ሴትዮ ከሕመማቸው ተነሡ? ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጋደም እንድትዪ ይፈቅዱልሻል? ብርዱ ገብቷል ይባላል፤ የላክንልሽን ጋቢ ትለብሺዋለሽ? እኛ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እኔም፣ ባለቤቴ ፈድሊያም፣ ልጅሽ ዩምናም።

"ደህና ነን" ብዬ ጻፍኩና ብዕሩን አስቀመጥኩት። ሰርዤው ነበር። ደግሞ ደብዳቤ በስርዝ አይጀመርም ብዬ በሌላ ወረቀት ገለበጥኩት። እንግዲህ ቃሉ ይኑር፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቢ ግን ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ አንቺው ትፈርጂያለሽ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተያየን ወረቀት ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ ፊትሽን አያለሁ። ፊትሽን ካየሁ ደግሞ ነገሩን እያለሳለስኩ እነግርሻለሁ፤ ግማሹ ሲቀረኝ "በቃ ይህን ያህል ነው" እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ጽዮናዊት፣ የጎረቤታችን የእትዬ መንበረ የእህት ልጅ፣ የዓመት ፈቃዷን ጨርሳ ነገ ወደ ዱባይ ትመለሳለች። በእሷ እጅ ነው የምልከው። አሽጌ እሰጣታለሁ፤ አታነበውም።

ድመታችን ዳማ አንድ ዓይኑን አጥቷል። ቀኝ ዓይኑን። ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መጀመሪያው ዳማ አይደለም፤ ያለፈው ሚያዝያ ዒድ ነው። የምትሠሪበትን ቤት ድመት፣ ሱልጣንን፣ ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ እያበጠርሽው ነበር የደወልሽልን። ከጭንሽ ተርፎ ጅራቱ መሬት ይነካ ነበር። ዩምና አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ "እማ፣ ጆሮው ላይ ያለው ጸጉር የምን ነው? እማ፣ ይናከሳል? እማ፣ ከእኔ ይከብዳል?" ትልሻለች። አንቺም ለእያንዳንዱ ትመልሻለሽ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። "የሰው ድመት ስታበጥሪ የልጅሽ ጸጉር ገመድ ሆነልሽ" አልኩሽ። እየሳቅኩ ነው ያልኩት። ሳቁ የተናገርኩትን አላቀለለውም።

ማበጠሪያውን አስቀመጥሽው። እጅሽን አይቼዋለሁ። ወዲያው "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" አልሽና ዘጋሽ። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሱልጣንን አላሳየሽንም። ዩምናም ሰላም ብላሽ፣ "ትምህርት እንዴት ነው" ስትያት "ጥሩ" ብላ ወደ ግቢ መውጣት ጀመረች። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ፈድሊያ አንድ ቀን ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣ "ልጅቷ ከእናቷ ጋር የምታወራው አንድ ነገር ነበራት፤ እሱንም አንተ ወሰድክባት" አለችኝ። 

አፉ በይኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። ሁለቷን ቃል ማለት ቢያቅተኝ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ድመት ገዛሁ።

ያሳደገችልኝ ሴት ፀደንያ ትባላለች። የሱልጣንን ዝርያ፣ ሜይን ኩን የሚሉትን፣ ቤቷ ውስጥ እያራባች የምትሸጥ ወጣት ናት። በስልክ የጠየቀችኝ ጥያቄ ሚስት ለማጨት የሄድኩ አስመስሎኝ ነበር። ቤታችሁ መስኮቱ ወንፊት አለው? ግቢ ውስጥ ውሻ አለ? ቀን ቀን ማን ይውላል? ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው፣ ጅራት ትጎትታለች? ወፍጮ ቤት ወይም መጋዘን ውስጥ ለአይጥ ብለህ ከሆነ አልሸጥልህም አለችኝ። እንዲህ ብላኛለች፤ በግልጽ። እኔም "ለእህቴ ልጅ ነው፣ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው" አልኳት። ስላት እውነቴን ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አልለየውም ብላ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ አስጠበቀችኝ።

ስረከበው የዘር ወረቀቱን ሰጠችኝ። የአባቱ፣ የአያቱ፣ የቅድመ አያቱ ስም እስከ አምስት ትውልድ ተዘርዝሯል፤ አንዱ ፖላንድ የተወለደ ነው። አውቶብስ ውስጥ ወረቀቱን ይዤ የእኛን መቁጠር ጀመርኩ። አባታችን እስከ ሰባት ቤት በቃላችን እንድናውቅ ያስቆጥረን ነበር። አራተኛው ላይ ቆምኩ። አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም።

ፀደንያ በር ላይ የነገረችኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ አልሰማሁም ማለት እንዳልችል ነው። "ይህ ዝርያ ቶሎ ይገዝፋል እንጂ ቶሎ አያድግም። በሰባት ወሩ የጎልማሳ ድመት ያህላል፣ ልቡ ግን የሕፃን ነው። አድጎ የሚጨርሰው በሦስት በአራት ዓመቱ ነው። ሰው ቁመቱን አይቶ ይሳሳታል። አንተ እንዳትሳሳት።"

አልተሳሳትኩም። ይኼ ነው የሚከብደኝ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ያልተሳሳትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰፈር ስደርስ የመጀመሪያው ሰው ጎረቤታችን ጋሽ ፈየራ ነበሩ። በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ቅርጫቱን አይተው "ምን ይዘህ መጣህ?" አሉኝ። "ድመት ነው፤ አሰንዳቦ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጠኝ" አልኳቸው። ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ውሸቱ ሳይጠሩት ነው የመጣው። ለምን እንዳልኩት አላውቅም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አውቃለሁ። ሰው ዘይትና ስኳር እየመረረው ባለበት ዓመት፣ በርጩማና አልጋ እየሠራሁ የምኖር ሰውዬ፣ ለድመት የከፈልኩት ቢሰማ ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ዋጋውን እዚህም አልጽፈውም። አንቺ ከምትልኪው እንዳልነካሁ ግን እመኚኝ፤ የሠራሁትን አልጋ ሸጬ ነው። ወረቀቱን ወርክሾፕ ወስጄ የመሣሪያ መሳቢያዬ ውስጥ ከመሮ ሥር ደበቅኩት፤ ለዩምና ዕድሜውን ብቻ ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። የምንደዋወልባቸውን እነዚያን አርቦች። ዳማ ብላ ስሙን ያወጣችው ዩምና ናት፣ በመልኩ። አንቺ እዚያ ሱልጣንን፣ እሷ እዚህ ዳማን፣ ፈድሊያ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣ የዩምናን ጸጉር። "ከብብቱ ጀምሪ፣ የሚቋጠረው እዚያ ነው። አትጎትቺ፣ ሥሩን በጣትሽ ያዢለት። ወተት እንዳትሰጪው፣ ሆዱን ያመዋል" ትያት ነበር። አንዳንድ ጊዜ ስለ ድመት መሆኑ ቀርቶ ስለ ሌላ ነገር ሲሆን እሰማለሁ። ስለ ክፍሏ ልጆች፤ ስለ ሕልሟ። አንድ ሰዓት ይሞላል። እኔ ስልኩን ይዤ እጄ ይዝላል፤ አንድም ቀን ግን አልተማረርኩም። እንደካስኩሽ ቆጥሬው ነበር። ሳልናገር የካስኩሽ።

ወረቀቱን በመደበቅ ግን አላበቃሁም። መቧጨሪያ ያስፈልገዋል ስላልሽኝ ግንድ ጠርቤ ቃጫ ገመድ ጠመጠምኩበት። ወርክሾፕ የመጣ የሸቤ ሰውዬ "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" ቢለኝ "የኮት መስቀያ ነው፣ አዲስ ሞዴል" አልኩት። ወደደውና ሁለት አዘዘኝ። ሸቤ ውስጥ በአንድ ሰው ሳሎን የድመት መቧጨሪያ ላይ ኮት ተሰቅሏል። ያን ቀን ስቄ ነበር።

ኅዳር ሲገባ ዳማ ደረቱ ላይ ጎፈር አወጣ። በር ላይ ሲጋደም ተሻግረነው ነው የምናልፈው። ጋሽ ፈየራ በአጥሩ አሻግረው አይተው "ሙርሺድ፣ ኩን አዱሬ ሚቲ፣ ቄራንሳ። ድመት ነው ብለህ ነብር አስገባህብን" ይሉኛል። ባለቤታቸው እትዬ መንበረ ደግሞ ከውስጥ ሆነው "የአሰንዳቦ ሹፌሮች ምን ቢያበሏቸው ነው እንዲህ የሚወፍሩት? እኛንም በወሰዱን" ይላሉ። እስቃለሁ። ሲስቁ ሁሉ ያወቁብኝ ይመስለኛል።

የቡና ወቅት ሲመጣ ድመት ከቤት ቤት እንደሚዞር ታውቂያለሽ። እናታችን እሳትና ድመት ለጎረቤት አይከለከልም ትል ነበር። መንገዱን እንዳያውቅ በጆንያ ይወሰዳል፤ መጋዘን ይገባና ይቆለፍበታል፤ የጠገበ ድመት አያድንም ተብሎ ምግብ አይሰጠውም፣ ውኃ ብቻ። በሦስተኛው ቀን ከምስጋና ጋር ይመለሳል። የሰፈር ድመት ይህን ለምዶታል። ጠግቦ፣ ጢሙን እየላሰ ነው የሚመጣው።

ኅዳር አሥር፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዩምና ትምህርት ቤት ናት። ፈድሊያ አራስ ልትጠይቅ ለጥቂት ቀን ሸቤ ሄዳለች። ጋሽ ፈየራ ባዶ ጆንያ አጥፈው በብብታቸው ይዘው ወርክሾፕ መጡ። ዳማ መላጊያው ያወጣው ፍቅፋቂ ላይ ተኝቷል። "ማሎ፣ እባክህ ሙርሺድ፣ ያን ነብርህን ለሦስት ቀን አውሰኝ። ሰቃ ያለው መጋዘኔ ውስጥ አይጡ ጆንያውን ወንፊት አደረገው፤ ቡናው ወለል ላይ ነው ያለው። የእኛዋ ድመት አርጅታለች፣ አይጡ ቆሞ ያያታል" አሉኝ።

እቴ፣ የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። ሕፃን ነው። ሰባት ወሩ ነው፣ አይጥ አይቶ አያውቅም፣ ከሳህን ነው የሚበላው። ግን ወሩን እንዴት አወቅክ ቢሉኝስ? ሹፌሩ ነገረኝ ልበል? የመንገድ ድመት ነው ብያለሁ፤ የመንገድ ድመት አይጥ አይፈራም። እምቢ ማለት ደግሞ እንዴት ይቻላል? አባታችን ሲሞት ድንኳኑን የተከሉልን፣ ከእኔ ጋር መሬት ላይ የተኙ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ሳስብ መሳቢያውን ተደግፌ ነበር። ወረቀቱ ከክንዴ ሥር ነው።

"ይውሰዱት" አልኳቸው።

ጆንያውን መሬት ላይ ዘረጉት። አሳደው ሊይዙት ተዘጋጅተው ነበር። ዳማ ግን ጆንያ ይወዳል፤ ካርቶንም፣ ዘንቢልም፣ የሚገባበት ነገር ሁሉ ለእሱ ጨዋታ ነው። ራሱ ገባ። ገብቶ ዞረና በጆንያው አፍ በኩል ፊቱን አውጥቶ አየኝ፣ እንደምታውቂው፣ ዩምና ፈልጋ እስክታገኘው እንደሚጠብቀው። ጋሽ ፈየራ ሳቁ። "ሥራ የሚወድ ድመት ነው" አሉ። ቋጠሩት።

ዩምና ስትመጣ "ለክትባት ሐኪም ቤት ነው፣ ሦስት ቀን ያቆዩታል" አልኳት። አመነችኝ። ሳህኑን ይዞ ሄደ ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ማበጠሪያውን አመጣችና "ይኼንን ውሰድለት፣ ብብቱ እንዳይቋጠር" አለችኝ። ኪሴ ከተትኩት። ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን በከተትኩ ቁጥር ጥርሱ ይወጋኛል።

ረቡዕ ዕለት መናኸሪያ ሄጃለሁ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ሰቃ ቅርብ ነው፤ ሄጄ "ዩምና አለቀሰችብኝ" ብዬ ይዤው ልመለስ አስቤ ነበር፤ እሱም ሌላ ውሸት። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሞላ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል "ወራጅ" አልኩ። አንዲት ሴት "ሳይንቀሳቀስ ወራጅ ይባላል እንዴ" ብላ አሳቀችብኝ። ለምን እንደወረድኩ እስካሁን አስበዋለሁ። የመጋዘኑን በር አስከፍቼ ዳማን አቅፌ ስወጣ ሠራተኞቹ የሚያዩኝ ታየኝ። ያ ብቻ ነው። የሰው ዓይን።

አርብ ለምሳ ሰዓት ጋሽ ፈየራ መጡ። ከበር ጀምረው እያሾፉ ነበር። "ነብርህ ፈሪ ነው፣ ሙርሺድ። አይጦቹ ናቸው ያደኑት። ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሎ በመሰላል ነው ያወረድነው።" ጆንያውን ፈቱት። ሲፈቱት ሳቃቸው ቆመ። እሳቸውም መሰላሉ ላይ ሳለ በደንብ አላዩትም ነበር። ጸጉሩ ከቡና ገለባ ጋር ተጋግሮ ምንጣፍ መስሏል። ፊቱ አብጧል። ቀኝ ዓይኑ... አልጽፈውም።

ዩምና ከትምህርት ቤት መጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ አላየኋትም። "ሐኪም ቤት አልነበረም እንዴ?" አለች። የጠየቀችው እኔን አይደለም፣ እሳቸውን ነው። ጋሽ ፈየራም "የምን ሐኪም ቤት? ሰቃ፣ የእኔ መጋዘን ነበር እንጂ። አጎትሽ አይደለም ወይ ያዋሰኝ?" አሏት። ምን ያውቃሉ።

አላለቀሰችም። ሸሚዟን አውልቃ ዳማን ጠቀለለችበት። ከዚያ ቀና ብላ "ሰባት ወሩ ነው እኮ፣ ጋሼ" አለቻቸው። በቁጣ አይደለም፤ እንደሚያስረዳ ሰው። እሳቸው እሷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

የእንስሳት ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ላምና በግ ነው የሚያክመው። አምስት ቀን ቅባትና መርፌ ሞከረ፤ አልዳነም። ዓይኑ ወጣ፣ ተሰፋ። ስፌቱን እንዳይቧጭረው ከአሮጌ የራጅ ፊልም አንገትጌ ሠራሁለት። እጄ የሚችለው ይህንን ብቻ ነበር። አሁን ቁስሉ ደርቋል፤ ይበላል፣ ክብደቱም እየተመለሰ ነው። ልጆች ሳለን መድረሳ ውስጥ ኡስታዝ የነገሩንን፣ ድመት አስራ አስርባ ጀሀነም የገባችውን ሴት ነገር ታስታውሻለሽ? አንቺ አልቅሰሽ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሴት የት አለች ብዬ ነበር። አገኘኋት።

እስካሁን የጻፍኩት ቀላሉ ነው። ይህን ደብዳቤ ሁለቴ አጥፌ ሁለቴ ዘረጋሁት።

ያመጡት ዕለት ማታ ስትደውዪ ዩምና "ዳማ ተኝቷል" አለችሽ። በሚቀጥለው አርብ ግን ልታዪው ጠየቅሽ። ዩምና አንገትጌውን ፈታችለት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና ዳማን ጭኗ ላይ አስተኛችው፤ የግራ ጎኑ ብቻ ወደ ስልኩ እንዲሆን አድርጋ። ማንም አላስተማራትም። "ወደዚህ አዙሪልኝ እስቲ ፊቱን ልየው" አልሻት። "ጆሮውን እያበጠርኩት ነው እማ፣ ከነቃነቅኩት ይሄድብኛል" አለችሽ። አንቺም ሳቅሽ፤ ጸጉሩ እንዴት አማረ አልሽ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዳማ ራሱን ሊያዞር ሲል እጄ በራሱ ጊዜ ስልኩን ዘወር አደረገው።

ያኔ ዩምና ከስልኩ በላይ አየችኝ። በጥላቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያየችኝ። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ጣውላ እንደምናነሣ።

እንዲህ ሦስት አርብ አለፈ። ካሜራው ሲዘጋ ትነሣለች፣ ዳማን ይዛ ትሄዳለች፣ አታናግረኝም። ድሮ "ሙሬ" ነበር የምትለኝ። አሁን "አጎቴ" ነው፤ እሱም ሲያስፈልጋት ብቻ። ፈድሊያ ከሸቤ ተመልሳ ሁሉን ስትሰማ አልጮኸችብኝም። ሦስተኛው አርብ ላይ ነው የተናገረችው። "አንተ የደበቅከው ዋጋውን ነው። ልጅቷ ግን የምትደብቀው አንተን ነው" አለች።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ጋሽ ፈየራ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው የዳማን አያት ቅድመ አያት አንድ በአንድ አነበቡ። እትዬ መንበረ በትከሻቸው በኩል እያዩ "ይኼ ሁሉ ዘመድ እያለው ነው መጋዘን ያደረው?" አሉ። ከሌላ ሰው አፍ ቢሆን ቀልድ ነበር። ጋሽ ፈየራ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "በአባትህ ለቅሶ አብሬህ መሬት የተኛሁ ሰው ነኝ። ለእኔ ነው ሕፃን ነው ማለት ያፈርከው? ዋጋውን ብሰማ ምን አደርግህ ነበር? አንድ ሳምንት እስቅብሃለሁ፤ ከዚያ ይወጣልኛል።" ደግሞም፣ ወደ መሬት እያዩ፣ "ሁለት ቀን ሲጮህ ሠራተኞቹ ነግረውኝ ነበር። ሥራ ላይ ነው አልኳቸው" አሉኝ። እሳቸውም አፍረዋል። የእፍረቴን ግማሽ ለእሳቸው አካፍያለሁ።

አንድ ሳምንት ሳቅ። የፈራሁት እሱን ነበር፣ እቴ።

ለፀደንያም ደወልኩ።  "ውሰጂው ካልከኝ እወስደዋለሁ። ግን ለማን ብለህ ነው የምትመልሰው፣ ለእሱ ወይስ እንዳታየው?" አለችኝ። እንዳላየው ነበር። እዚሁ ይቆያል። በማያይበት በኩል ድንገት እንዳንነካው፣ መጀመሪያ ድምፅ እንድናሰማው ነገረችኝ። ዩምና ይህን ሳይነግሯት አውቃዋለች። "መጣሁ" ትለዋለች፣ ከዚያ ነው እጇን የምታሳርፍበት።

አሁን የምጠይቅሽን ልጠይቅ። ልጅሽን አደራ ብለሽ ሰጥተሽኝ ሄድሽ። አደራ ማለት ማብላትና ማልበስ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እሱን አላጎደልኩም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን እናቷን መዋሸት አስተማርኩ፣ ያውም እኔን ለማዳን። ይህን ካነበብሽ በኋላ ዩምና የሰቃዋ አክስታችን ዘንድ ትሂድ ካልሽ አልከራከርሽም፤ ራሴ ዕቃዋን አደርሳለሁ። ከእኛ ጋር ትቆይ ብዬ መለመን እፈልጋለሁ፤ ለመለመን ግን ዛሬ ፊት የለኝም። ውሳኔው የአንቺ ነው።

ለዒዱ ቃሌ አፉ በይኝ። ለዳማ አፉ በይኝ። ለሦስቱ አርቦች አፉ በይኝ። አንድ ላይ አላደረግኳቸውም፤ አንዱን ይቅር ብለሽ ሌላውን ብትይዢብኝ መብትሽ ነው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለዩምና "ለእናትሽ እየጻፍኩ ነው" አልኳት። "ሁሉንም?" አለችኝ። ሁሉንም አልኳት። "የስልኩንም?" አዎ። ዳማን አቅፋ ቆመች። "እኔም ዋሽቻለሁ በላት" አለች። "አንቺን አልጽፍም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። "እንግዲያው ሁሉንም አይደለም" አለችኝና ወጣች። ስለዚህ ጽፌዋለሁ። አትቆጫት፤ ቶሎም አታባብያት። ትናገር።

ደብዳቤው ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይደርስሻል። አርብ ስትደውዪ ስልኩን እኔ አልይዝም። የምታስቀምጥበትን ቦታ እሷ ትመርጣለች። እኔ ጎኗ እቀመጣለሁ፣ ልታዪኝ በምትችዪበት በኩል።

ፈድሊያ በብዙ ናፍቆት ሰላም ብላሻለች፤ ለጉልበትሽ የምትቀቢው ነገር በጽዮናዊት እጅ ልካለች። እትዬ መንበረ "ልጅሽን በዓይኔ አየኋት በላት" ብለዋል። ጋሽ ፈየራ ሰላምታቸውን ልከው መጋዘኑ የማን እንደነበር ስሜን ጠርተህ ጻፍ ብለው አዘውኛል፤ ጽፌያለሁ። ዳማ ከእግሬ ሥር ተኝቷል። ለቤቱ ሰዎች፣ ለትልቋ ሴትዮም፣ ለሱልጣንም ሳይቀር ሰላምታችንን አድርሺልን።

ዩምና ሰላምታዋን በእኔ በኩል አልላከችም። አርብ ራሴ እነግራታለሁ ብላለች።

ወንድምሽ ሙርሺድ
ጅማ፣ ሂርማታ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.